ያልተዘለለው ተራ

ጦርነቱ ወደ አበርገሌ በመጣበት ሐምሌ ሰው ሁሉ እጁ የደረሰበትን ይዞ ነው የወጣው። አንዱ ፍየሉን ነዳ፤ አንዱ የዱቄት ስልቻውን ተሸከመ፤ አንዲት ሴትዮማ ግራ ቢገባት ቁልፏን በእጇ ጨብጣ፣ በሩን ግን ሳትቆልፈው ሄዳለች። ከኒሯቅ ከተማ በላይ ባለችው መንደር የምትኖረው ይታየሽ ደግሞ አንድ የሸክላ ዕቃ በነጠላ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አዝላ ወጣች። አሥራ ስምንት ዓመት የሆናት ልጇ እየሩስ ዱቄቱን ተሸክማ፣ «እማዬ፣ ምነው ብርድ ልብስ እንኳ ብትይዥ!» እያለች ስትነጫነጭ መንገዱ አለቀ።

ዕቃው የማኅበር ጽዋ ነው። በዚያች መንደር አሥራ ሁለት ቤተሰብ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቀን የሚካኤልን ጽዋ በየተራ ይጠጣል። ተረኛው ይደግሳል፣ ቄሱ ይባርካል፣ ሲያበቃም ጽዋው ለመጪው ወር ተረኛ ይተላለፋል። ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው፤ በመልእክተኛ አይላክም። ተራም አይዘለልም፤ ተራው የሚዘለለው የሞተ ሰው ብቻ ነው። ይታየሽ ባሏ ካረፈ ወዲህ የእሱን ቦታ ይዛ ስትጠጣ የኖረች ሴት ናት። የዚያ ሐምሌ ተረኛም እሷው ነበረች። ሚካኤል ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው አገሩ ተናወጠና የጠነሰሰችው ጠላ ጋኑ ውስጥ ቀረ።

ሰቆጣ ዳርቻ ወደሚገኘው መጠለያ በደረሱ ማግስት ቀኑ አሥራ ሁለት ሆነ። ሰው ሁሉ የሚተኛበትን ሲሻማ ይታየሽ ከአንዷ እፍኝ ስንዴ ለመነች፣ ከሌላዋ ምጣድ ተዋሰችና ቆሎ ቆላች። ጽዋውን በመጠለያው ከሚታደለው የቦቴ ውሃ ሞላችው። ከዚያ አብረው የተሰደዱትን የመንደሩን ቄስ አባ ገብረ ጻድቅን ፈልጋ ድንኳኗ ድረስ አመጣቻቸው።

«ይታየሽ፣ ምንድን ነው ይህ?» አሉ አባ።

«ሚካኤል ነው እኮ አባ።»

«ጠላውስ?»

«ጠላውማ አገር ቤት እየጠለለ ነው። ለጊዜው ውሃውን ይባርኩልኝ።»

አባ ሳቃቸው መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ባረኩላት። ከማኅበርተኞቹ አራቱ እዚያው መጠለያ ነበሩና ቆሎውን ቆርጥመው ውሃውን በየተራ ቀመሱ። ችግሩ የመጣው ጽዋው የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ ነው። የነሐሴ ተረኛ አያ ይስማው ናቸው፤ አያ ይስማው ደግሞ «በዚህ ዕድሜ የት ልድረስ ብዬ ነው የምሮጠው?» ብለው እዚያው የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ይኑሩ ይሙቱ የሚያውቅ ሰው የለም።

ከእሳቸው ቀጥሎ ተራው የነበረው የኔሰው፣ የድንበር ጎረቤቷ፣ እጁን ዘረጋ። «በይ ለእኔ ስጭኝና ይለፍ።»

«አያ ይስማው ሞተዋል?» አለች ይታየሽ።

«እኔ በምን አውቄ?»

«ታዲያ በቁማቸው ልግደላቸው? የሚዘለል እኮ የሞተ ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» አለ የኔሰው ተናዶ። እሷ ግን ጽዋውን መልሳ በነጠላዋ ጠቀለለችው። የሚቀበላት ተረኛ እስኪመጣ ድረስ ተረኛዋ እሷ ናት ማለት ነው፤ ስለዚህ የነሐሴንም ደገሰች። የመስከረምንም፣ የጥቅምትንም።

ከቤት ንብረቱ የተነቀለ ሰው በየወሩ ድግስ ሲደግስ ለሰሚው እብደት ይመስላል። አንዳንዱም ብሏታል። ይታየሽ ግን እብድ አልነበረችም፤ ሥራ የምታውቅ ሴት ነበረች። ጥቂት እንደቆየች ከመጠለያው ወጥታ መናኸሪያው አጠገብ ዝናሽ ከምትባል ሴት አንዲት ክፍል ተከራየች። ጠዋት ጠዋት የማሽላ ቂጣ እየጋገረች ለሾፌርና ለረዳት ትሸጥ ጀመር። ቂጣዋ ስሟን አወጣው፤ አይሱዙ የሚነዳ ምሳው የሚባል ሾፌር በቂጣዋ ተስቦ መጥቶ ልጇን አገባ እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። እየሩስ ትምህርቷን ጨርሳ በአንድ የጤና ኬላ ሥራ ያዘች። ሊድያን ወለደች። ይህ ሁሉ ሲሆን በየወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የይታየሽ በር አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል። የይታየሽ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ዝናሽ መጀመሪያ ላይ «ቤቴን ጠላ ቤት አደረገችው እኮ!» ብላ ስታጉረመርም ነበር። በሦስተኛው ወር በር ላይ ቆማ ጸሎቱን አዳመጠች፤ በአራተኛው ገብታ ተቀመጠች፤ በስድስተኛው ዳቦውን እኔ ነኝ የምጋግረው ብላ ተጣላች። ቀስ በቀስ ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ የመጣውም፣ የሰቆጣው ተወላጅም፣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ የሚጸልየውም በአማርኛ የሚጸልየውም በዚያች ክፍል ይታጨቅ ጀመር። በዚያ ክፉ ዘመን ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚበላበትን ቦታ የሠራችው ይህች ሴት ናት፤ ለዚህም ማንም ሽልማት አልሰጣትም፤ እሷም የሚያሸልም ሥራ መሆኑን አታውቀውም።

ሰላም ሲወርድ ሰው ወደየመንደሩ ይመለስ ጀመር። የኔሰውም ተመለሰ። ከመንደሩ ከተሰደዱ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም፣ ፍየል ሊሸጥ ሰቆጣ መጣና በቀጥታ ወደ ይታየሽ ቤት ሄደ። እየሩስም ሊድያን አቅፋ እዚያው ነበረች።

«አያ ይስማው አሉ» አለ ገና ሳይቀመጥ።

ይታየሽ የያዘችውን ቂጣ ጣለችው። «በሕይወት?»

«በሕይወት። ዓይናቸው ጠፍቷል እንጂ ምላሳቸውማ እንደ ድሮው ነው። ወር በገባ በአሥራ አንድ ቤታቸውን አስጠርገው፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ‘ተራዬ ነው፤ ጽዋው የት ደረሰ?’ እያሉ ነው የሚጠይቁት። ሰው እንዳረጁ ቆጥሮ ዝም ይላቸው ነበር። ይታየሽ ዘንድ ነው፣ አልዘለለችዎትም ስላቸው እንደ ሕፃን አለቀሱ።»

ይታየሽም አለቀሰች። ልቧ ግን በዚያው ሰዓት ለሁለት ተከፈለ። ጽዋውን ለማድረስ መሄድ አለባት፤ ይህ አያጠያይቅም። ጥያቄው ሄዳ ትመለሳለች ወይስ ሄዳ ትቀራለች የሚለው ነው። እየሩስ ነገሩ የገባት ከእናቷ ቀድማ ነው።

«እማዬ፣ ለየኔሰው ስጭውና ያድርስልሽ» አለች።

«በመልእክተኛ አይላክም።»

«እሺ ሂጂ፤ አድርሰሽ ነይ። ግን ልቀር ነው እንዳትይኝ። ቤቱ ጣራ የለውም። ፍየሎቹ የሉም። ያ ቆላ ሙቀቱ ለደም ግፊትሽ አይሆንም፤ ክኒኑንስ ማን ይሰጥሻል? እዚህ እኔ አለሁ። እቺ አለች።» ሊድያን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ሊድያ አያቷን አይታ እጇን ዘረጋች።

እየሩስ ያለችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ይታየሽ ሊድያን ተቀብላ አቀፈቻት። ጎረቤቱም ወሬውን ሰማ። ዝናሽ እንደ ቁጣ እያደረጋት መጣች። «ጽዋውን ይዘሽ ልትሄጂ ነው? እኛስ? ለእኛ ማን ሊደግስልን ነው?»

ይታየሽ ግራ ቢገባት አሁን በሰቆጣ አንድ ደብር የሚያገለግሉትን አባ ገብረ ጻድቅን ልትጠይቅ ሄደች።

«ልሂድ ወይስ ልቅር አባ? እርስዎ ይቁረጡልኝ።»

«አልቆርጥልሽም» አሉ አባ። «ይህን ካንቺ በቀር የሚያውቅልሽ የለም። ለሰቆጣዎቹ ግን አታስቢ። ማኅበርም እንደ ሰው ይወልዳል። ሌላ ጽዋ ይግዙ፤ እኔ እባርክላቸዋለሁ።»

በጥቅምት ሚካኤል ዝናሽ ከገበያ የመረጠችውን አዲስ ጽዋ አባ ባረኩት። ይታየሽ በእጇ አንስታ ለዝናሽ ሰጠቻት። ዝናሽ ተቀብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባትና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። የኅዳር የሰቆጣ ተረኛ ዝናሽ ሆነች።

ይታየሽን የምሳው አይሱዙ መንገዱ እስካስኬደው ድረስ ወሰዳት፤ የቀረውን ከየኔሰው ጋር በእግሯ ወረደች። ጽዋው ጀርባዋ ላይ ነው። ቤቷ ስትደርስ የድንጋዩ ግድግዳ ቆሞ፣ ጣራው ግን ጠፍቶ፣ ምድጃዋ ላይ ቁጥቋጦ በቅሎ አገኘችው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ የልቧ እስኪደርስ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ቁጥቋጦውን ትነቅል ጀመር። ጥግ ላይ ከተከመረው ፍርስራሽ ሥር ያ የጥንቱ ጋን እስከ አንገቱ ተቀብሮ ተገኘ። አልተሰበረም። አወጣችው፣ በግራዋ ቅጠል አጠበችው፣ በወይራ አጠነችውና ከሰቆጣ በያዘችው ጌሾ የኅዳርን ጠላ እዚያው ውስጥ ጠነሰሰች።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት የመንደሩ ሰው በጣራው ፈንታ ሸራ ወጠረላት። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ አርፈዋል፤ እሷን ጨምሮ ስምንቱ ተገኙ። አያ ይስማው በሰው እጅ ተመርተው ገቡ። አዲሱ ቄስ ባረከ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ሲያበቃ ይታየሽ ጽዋውን አንስታ ከሽማግሌው ፊት ተንበረከከችና እጃቸው ላይ አኖረችው።

«ተራዎ ደርሷል አያ።»

አያ ይስማው ጽዋውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ አፉን፣ ሆዱን፣ መቀመጫውን። «ከንፈሩ ተሸርፏል» አሉ።

«የሰቆጣ ፍየል ገፍታብኝ ነው።»

«የሰቆጣ ፍየል ድሮም ባለጌ ናት» አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወደ የኔሰው ዞሩ። «ይህች ሴት ስንት ጊዜ ደገሰች?»

«ከዛሬው ጋር አርባ አንድ ጊዜ።»

ሽማግሌው ጽዋውን ታቀፉት። «እንግዲህ ማኅበርተኛ ሁሉ ስማኝ። ይታየሽ የእኔንም፣ የእናንተንም፣ የሟቾቹንም ተራ ብቻዋን ደግሳለች። ከእንግዲህ ድግስ የለባትም። ከተራ ወጥታለች። ሰቆጣ ልጇ ዘንድ በሰላም ትኑር፤ ስትመጣ ከላይ ተቀምጣ ትጠጣ። ይህ ክብሯ ነው።»

«ይገባታል! ይገባታል!» አለ ማኅበርተኛው ባንድ ድምፅ።

ይገባት ነበር። እየሩስ ብትሰማ እልል ትል ነበር። ማንም ሳይቀየማት ወደ ልጇ የምትመለስበት በር ወለል ብሎ ተከፈተላት። ይታየሽ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ከተንበረከከችበት ተነሣች።

«አያ ይስማው፣ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ዝለያቸው ሲለኝ አልዘልም ያልኩት ለምን ይመስልዎታል? የሚዘለለው የሞተ ስለሆነ ነው። እኔስ ሞቻለሁ?»

«ኧረ አንቺ ልጅ! ልናከብርሽ ብለን እንጂ።»

«ከላይ ተቀምጦ መጠጣት የእንግዳ ነው። እንግዳነቱን ሰቆጣ ጠግቤዋለሁ። እዚያ ልጅ አለኝ፣ የልጅ ልጅ አለኝ፣ እህት የሆነች ጎረቤት አለችኝ፤ እየሄድኩ አያቸዋለሁ። ቤቴ ግን ተራ ያለኝ ቦታ ነው። ተራዬን መልሱልኝ።»

አያ ይስማው የጠፋ ዓይናቸውን ወደ ድምፅዋ አዙረው ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ቆጠሩ። ታኅሣሥ የእሳቸው፣ ጥር የየኔሰው፣ እንዲያ እያሉ ሰባቱን ሰው በየወሩ ደለደሉ።

«ሐምሌ ይደርስሻል» አሉ።

በማግስቱ ይታየሽ ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ላይ ወጥታ ለእየሩስ ደወለች።

«እማዬ! ጽዋውን አደረስሽ? መቼ ነው የምትመለሺው?»

«ልጄ፣ በሐምሌ ሚካኤል ተረኛ ነኝ። የኔሰውና ጎረቤቱ እስከ ክረምት ጣራውን ሊከድኑልኝ ነው። ሊድያን ይዘሽ ነይ።»

ይታየሽ ስልኩ የተቆረጠ መስሏት አንድ ድንጋይ ላይ ከፍ ብላ ቆመች። እየሩስ ስታለቅስ ሰማቻት።

«ክኒንሽን በየወሩ ምሳው መኪናው እስከሚደርስበት ያመጣልሻል፤ የኔሰው እዚያ ይቀበለዋል» አለች እየሩስ በመጨረሻ አፍንጫዋን እየሳበች። «እዚያ ቆላ ጌሾ አይገኝም አይደል?»

«አይገኝም።»

«እንግዲያ ለሐምሌው ጌሾውን ከሰቆጣ እኔ አመጣልሻለሁ።»