ቆዳ የለበሰው ፍላሽ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... አያ ደሴ በራችን ላይ ቆመው፣ ከአንገታቸው የቆዳ ክታብ መዘው አውጥተው «እነሆ አደራሽ! የአንድ ለአምስቱን ስብሰባ ጥዬ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

«አያ... ይሄ ምንድን ነው?»

«ያስላክሽው ነዋ! መራዊ ያለችው ጓደኛሽ የሰጠችኝ።»

እኔ ያስላክሁት ፍላሽ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍኖተ ሰላም ኢንተርኔት ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ የመጀመሪያዋን ሥራ ይዣለሁ፤ ቡሬ ላለ የገበሬዎች ዩኒየን ድረገጽ እየሠራሁ ነው። ሰኞ የማርና የበቆሎ ገዢዎች ይመጣሉ። ያን ቀን ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ ካላሳየኋቸው ሥራው ለአዲስ አበባ ልጆች ይሰጣል ተብያለሁ። ገጹ ግን ተበታትኗል፣ ፎቶው አይከፈትም፣ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ብቻ ሆኗል። ኢንተርኔት ቢኖር እኮ አንድ ጥያቄ ጠይቄ የምገላገለው ነገር ነው! እጅ እግሬ ታሰረ።

የደረሰችልኝ ሰናይት ናት። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነው የተማርነው፤ አሁን መራዊ ናት፣ ኢንተርኔት ያላት እድለኛ። በስልክ ስጮህባት ጊዜ የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ መማሪያውን ከነምሳሌው፣ ዝግጁ ኮዶቹን ቡትስትራፑንና ጄኩዌሪውን፣ የአማርኛ ፎንቱን፣ ፎቶ የሚያሳንሰውን ፕሮግራም... ምን ያላወረደችው አለ! ሁሉንም በነፃ ከሚገኝበት ለቃቅማ ፍላሽ ላይ ሞላችልኝ። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ አያ ደሴ ለዘመድ ተዝካር መራዊ ሄደው ስለነበር በእሳቸው ላከችው። እሳቸው ማንኩሳ አጠገብ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ለገበያ ሲወጡ ሊያደርሱልኝ ነው።

አሁን ያ ፍላሽ ቆዳ ለብሶ፣ ዙሪያውን በጅማት ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል።

«ማን ስፉት አለዎት አያ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ልጅቱ ናታ! ‹ውስጡ ጽሑፍ ነው፣ ውሃ እንዳይነካው፣ ከአንገትዎ እንዳያወልቁት፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ› ብላ አጠለቀችልኝ። ውስጡ ጽሑፍ ያለበት፣ ከአንገት የማይወልቅ... ሌላ ምን ሊሆን ነው? ደግሞ ራቁቱን! አገር ቤት ስገባ ቆዳ ለሚሰፋው ሰጥቼ አለበስኩልሽ።»

እናቴ ሳቋ ሲያመልጣት ተመልሳ ገባች። እኔ ለመሳቅም ጊዜ የለኝ፤ ምላጭ ፍለጋ ተነሳሁ።

«ቆይ እስቲ» አሉ አያ ደሴ፣ ክታቡን ጨብጠው። ያኔ ነው ልብሳቸውን ያየሁት። ጋቢያቸው ጭቃ በጭቃ ነው፣ ቁምጣቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

«ወንዙ ሞልቶ ነበር። መሀል ስደርስ ጠለፈኝ። በቃ አለቀ ብዬ ተውኩት... ኋላ ይሄ አንገቴ ላይ ትዝ ሲለኝ በጥርሴ ነክሼ ‹የሰው አደራ ይዣለሁ፣ አታሳፍረኝ› አልኩት ፈጣሪዬን። ወስዶ ቋጥኝ ላይ ጣለኝ። ስልኬ ሞተ። ጌሾዬንም ወንዙ ጠጣው። እኔ ግን ይኸው አለሁ።»

ምላጭ ፍለጋዬን ተውኩት።

«ለምን በሽታ ነው ያስጻፍሽው?» ብለው ጠየቁኝ ቀስ ብለው።

«ለበሽታ አይደለም አያ፣ ለሥራዬ ነው። ሰኞ የማሳየው ነገር አለ። ይሄ ካልተከፈተ ሥራዬን አጣለሁ።»

«ይተረተራል እንዴ?»

«መተርተር አለበት።»

አንዴ ክታቡን አዩ፣ አንዴ እኔን። መመለሻቸው በዚያው ወንዝ ነው፤ መፍራታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ቢሆንም ራሳቸው አውልቀው እጄ ላይ አስቀመጡት። «እንግዲህ የሰው ነው» አሉ። እናቴ የአባቴን ጋቢ አልብሳቸው፣ ጨው ልግዛ ብለው ወደ ገበያ ሄዱ።

ተረተርኩት። ቆዳው ረጥቧል፤ ከሥሩ ግን ፍላሹ እንደ ክታብ ወግ በሰም በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጠብታ ውሃ አልነካውም! ስሰካው ፋይሉ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሁሉንም ላፕቶፔ ላይ ገለበጥኩና ፍላሹን በዚያው ጨርቅ ጠቅልዬ ጫማ ሰፊው ጋ ሮጥኩ። እንደነበረው አድርጎ ሰፋልኝ። አያ ደሴን አህያ ተራ አግኝቼ አንገታቸው ላይ መልሼ አጠለቅሁላቸው።

«አያ፣ ይሄ እኮ ከወንዝ አያድንም» አልኳቸው። መዋሸት አልፈለግሁም።

«እሱንስ አጣሁት ብለሽ ነው? ለራሴማ ትቼው ነበር አላልኩሽም? ያንቺ ነገር አንገቴ ላይ ባይኖር መቼ እታገል ነበር!» አሉና ክታቡን ዳበስ አደረጉት። «ጽሑፉስ? ወሰድሽው?»

«ገልብጬ ነው የወሰድኩት፤ እዚያውም አለ።»

«ሲገለበጥ አይጎድልም?»

«አይጎድልም። የጻፉት ሰዎች ማንም ይውሰድ ብለው ነው ያስቀመጡት። በነፃ።»

«ሳያውቁሽ?»

«ሳያውቁኝ።»

ጋቢ ጣል ያደረጉበትን ራሳቸውን ገለጥ አድርገው «የወለደቻቸው ትባረክ! ዘራቸው ይባረክ!» አሉ፣ መሀል ገበያ ላይ፣ ጮክ ብለው። እኔ ደግሞ በድልድዩ ዞረው እንዲሄዱ አስምዬ ለቀቅኋቸው።

ሰኞ ገጹ ተከፈተ። አማርኛው ተነበበ፣ ፎቶው ታየ፣ ሥራውም የኔ ሆነ። ዛሬ ኢንተርኔት ሲመለስ መጀመሪያ የምጽፈው ይሄን ነው።

ሰናይትዬ፣ ውለታሽን የምከፍልበት ቀን ያምጣልኝ። እናንተ ደግሞ ኮዳችሁን ማንም ይውሰድ ብላችሁ የበተናችሁ የማላውቃችሁ ሰዎች... ማንኩሳ አጠገብ በጸሎት የሚያስቧችሁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ስማችሁን ስለማያውቁ «እነዚያ ልጆች» ይሏችኋል።