ሱፍ ያልለበሰው ፎቶ

ሰይፈሚካኤል ሱቁን «ጥላ ዲዛይን» ብሎ ሲሰይም ተው ብዬው ነበር። «አንተ ልጅ፣ ሰው ጃንጥላ የምትሸጥ ነው የሚመስለው» አልኩት። ሳቀብኝ። ክረምት ሲገባ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው እየመጣ ጃንጥላ ሲጠይቀው በተራዬ እኔ ሳቅሁበት። እሱ ግን ስሙን አልቀየረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ የእሱ ደግሞ ሥራውም ወረቀት ነው።

እኔ ኑሪ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። አቶቴ አካባቢ ባለ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ክፍሎቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ እንጨት ስለሆነ፣ እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። አሁን ክፍሉን ለቆ አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥሯል፤ ጆንያ ላይ የሚታተም ጽሑፍ ያዘጋጃል። ለምን እንደለቀቀ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ገበያ አጥቶ ነው ይላል። የማወራው ግን በወሬ የሰማሁትን አይደለም። ግማሹን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ግማሹን በእጄ ሠርቻለሁ። ያጠፋሁትም አለ፤ እሱንም አልደብቅም።

አሠራሩ የሚያናድድ ነበር። ምድር ቤት ያሉት ባነር ቤቶች ደንበኛው ገብቶ ሳይቀመጥ ሥራውን ጨርሰው ይሸኙታል። ሰይፈ ኮምፒውተሩን ቶሎ አይነካም። «ኮምፒውተር መጨረሻ ነው» ይላል። እርሳስና ደብተር ያወጣና ደንበኛውን ያስወራዋል። አንዲት ጭማቂ ቤት ልትከፍት ያሰበች ሴት ሎጎ ሥራልኝ ብላ ብትመጣ፣ ልጅ ሳለች እናቷ የትኛውን ፍሬ ደብቀው ያስቀምጡላት እንደነበር ጠየቃት። ሴትዮዋ «ምን አገባህ!» ብላ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለችና «ካዝሚር» አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ካዝሚር ሲስል ከረመ። ምልክቱ ዛሬም ከጭማቂ ቤቷ በር በላይ አለ። ሰዉ ድንች ነው ይለዋል፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ምራቄ ይመጣል።

እንዲህ ያለ ደንበኛ በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። አገሩ ሁሉ የሚፈልገው ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚጮህ ባነር ነው። ሰይፈን ያኖሩት ሙታን ነበሩ።

ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለልቅሶ ድንኳን ትልቅ ፎቶ ያሠራል። ሟቹ ብዙ ጊዜ ደህና ፎቶ የለውም። ከሰው ሰርግ ላይ፣ ከመታወቂያ ላይ፣ ከስልክ ላይ ፊቱ ተቆርጦ ይወጣና ኮትና ከረባት ይደረግለታል። በሥራው ቋንቋ ይህ «ሱፍ ማልበስ» ይባላል። ታች ያሉት ቤቶች ያላቸው ሱፍ አንድ ነው፤ ከኢንተርኔት የወረደ ጥቁር ኮት ከቀይ ከረባት ጋር። በአንድ ሳምንት ሦስት ልቅሶ የደረሰ ሰው፣ ሦስቱ ሟቾች አንድ ኮት የተዋዋሱ ይመስለዋል። ይህ ነገር ሰይፈን ያንገበግበው ነበር።

«ጋሽ ኑሪ፣ ሰው እንዴት የመጨረሻ ልብሱን ከጎረቤቱ ጋር ይጋራል?» ይለኛል።

ስለዚህ እኔ የሰፋሁትን ሱፍ ሁሉ፣ ባለቤቱ መጥቶ ሳይወስደው፣ ሰይፈ ይለብስና ደረጃው ላይ ካለው መስኮት አጠገብ ይቆማል። እኔ በእሱ ካሜራ አነሳዋለሁ። ከአንገቱ እስከ ደረቱ ብቻ፤ የልቅሶ ፎቶ ከደረት በታች አይወርድም። ከዚያ የሟቹን ቤተሰብ ያስቀምጥና «አንገትጌውን ይቆልፍ ነበር? የትኛው ትከሻው ዘንበል ይል ነበር?» እያለ ይጠይቃል። ሰዎቹ ይህን ሲጠየቁ ማልቀስ ይጀምራሉ፤ እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ አቶ ወንድሙ የሚባሉ ሰው ከቱላ መጡ። ገበያው ዳር የእህል ሱቅ ያላቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። አንድ ልጃቸው ምንያህል ከአራት ዓመት በፊት ወደ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ በሞያሌ በኩል ወጥቶ ነበር። ድምፁ ከጠፋ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖታል። በዚያው በጥር ሰሞን አብሮት የወጣ ልጅ ተመልሶ «መንገድ ላይ ታሞ ሞተ፤ የቀበርኩት እኔው ነኝ» ብሎ አረዳቸው። ዘመድ ተሰብስቦ ለመጪው እሑድ ልቅሶ እንዲቀመጡ ወሰነ። እድሩም ድንኳኑን አዘጋጀ። የቀረው ፎቶው ብቻ ነበር።

ሰይፈ እንደ ልማዱ ጠየቃቸው። «አባባ፣ አንገትጌውን ይቆልፍ ነበር?»

አቶ ወንድሙ «እናቱ ናት ይህን የምታውቀው» አሉ።

«እንግዲያው እሳቸው ይምጡና ያጫውቱኝ።»

ሰውዬው ታች ካሉት ቤቶች ወደ አንዱ ቢገቡ ኖሮ፣ ልጃቸውን በአሥር ደቂቃ ቀይ ከረባት አሳስረውት ይሄዱ ነበር። ያ ሁሉ ነገር የመጣው በአንዲት የአንገትጌ ጥያቄ ነው።

በማግስቱ የምንያህል እናት፣ ወይዘሮ አስካለ፣ በባጃጅ መጡ። ደረጃውን ወጥተው ሳይተነፍሱ በሩ ላይ ቆሙ።

«አንተ ነህ ልጄን ሱፍ የምታለብሰው?»

«እማማ፣ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ...»

«አልቀመጥም! ልጄ አልሞተም። ሱፍ እንዳታለብሰው።»

ሰይፈ እንደምንም አስቀመጣቸው። ደብተሩን አወጣ። እኔ ለዙህር ሶላት ሄጄ ስመለስም ሴትዮዋ ገና ያወሩ ነበር። ምንያህል ሲስቅ በአንድ ጉንጩ ብቻ እንደሚስቅ፣ አንገቱን ስለሚያሳክከው አንገትጌ እንደማይቆልፍ፣ ሲያፍር ጆሮው እንደሚቀላ ነገሩት። በስልካቸው ያለችው ፎቶ የፊቼ በዓል ዕለት ጉዱማሌ ሜዳ ላይ የተነሳት ነበረች፤ በጓደኞቹ ትከሻ መካከል ተጣብቦ የሚስቅ ፊት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ግን ሰማሁ።

«ሙት የምታለብስ ሰው በሕይወት ያለውን ማቆም አያቅትህም። ምንያህልን እዚያ አገር ሱቅ ውስጥ አቁምልኝ። ለአባቱና ለዘመዶቹ አሳያለሁ፤ ድንኳኑ ይቀራል።»

«እማማ፣ እሱማ ውሸት ነው።»

«ሱፉስ? ልጄ በዕድሜው ሱፍ ለብሶ ያውቃል? እሱስ እውነት ነው?»

ሰይፈ ደብተሩን ዘጋ። ሴትዮዋን ሸኝቶ ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ምን ላድርግ?» አለኝ። ትልቅ ሰው ነኝ፤ ልከለክለው ይገባኝ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «ድንኳኑ ትንሽ ቢዘገይ ማን ይሞታል?» አልኩት። ይህን ቃሌን እስከ ዛሬ ሳስበው ምላሴን ልቆርጠው ያምረኛል።

ለአንድ የባንክ ሠራተኛ የሰፋሁትን ሰማያዊ ሸሚዝ ሰይፈን አለበስኩት። ጨርቅ ከምቆርጥበት ጠረጴዛ ኋላ ቆመ፤ እንደ ባለሱቅ ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አሳረፈ። አነሳሁት። ከዚያ የእኔን የክር መደርደሪያ በብስኩትና በሳሙና ሞላው፤ ከኋላው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ ሰቀለ፤ የልጁን ፊት ከጉዱማሌው ፎቶ አምጥቶ በራሱ አንገት ላይ አቆመው። ሁለት ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ ጠራኝ። ልጁ በአንድ ጉንጩ እየሳቀ፣ አንገትጌውን ከፍቶ፣ ከእኔ ጠረጴዛ ኋላ ቆሟል። ሸሚዙን የሰፋሁት እኔ፣ ያነሳሁትም እኔ፤ ግን ለአፍታ «ደህና ነህ ወይ?» ልለው ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ሲያዩት አላለቀሱም። ጎንበስ ብለው ስክሪኑን ሳሙት። ሰይፈ በስልካቸው ላከላቸውና ሄዱ። ቱላ ደርሰው፣ ደቡብ አፍሪካ ያለ የሚያውቀው ሰው ላከልኝ አሉ። እልልታ ሆነ። ድንኳኑ ሳይተከል ቀረ። ያ ጓደኛውን የቀበረው ልጅ «ውሸታም፣ አሟራች» ተብሎ ሊደበደብ ሲል ከሰፈሩ ጠፋ። ይህን የሰማን ቀን ሰይፈ ምሳውን አልበላም።

ወር አልሞላም፣ አንድ ሐሙስ ወይዘሮ አስካለ ተመለሱ። ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉ። «ፎቶውን ክፈትልኝ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ የሰማሁትን ለቅሶ እንዲህ ነው ብዬ መናገር አልችልም። ከሆድ የሚወጣ ነው። ደንበኛ እየለካሁ ነበር፤ ነገ ና ብዬ ሸኘሁት።

«መሞቱንማ አውቃለሁ» አሉት፣ ሲበርድላቸው። «ያ ልጅ ሲነግረን ዓይኑን አይቼ አውቄያለሁ። ትንሽ ቀን እንዲቆይልኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት። አሁን የት ላልቅስ? ቤቴ ባለቅስ ‹በሕይወት ባለ ልጇ ላይ ታሟርታለች› ይሉኛል። ለባሌ እንዳልነግረው፣ ያንን ፎቶ አይቶ ነው ቀና ያለው። የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

በእኛ አገር ሰው ብቻውን አያለቅስም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወጉ ይለያይ እንጂ፣ ሐዘንተኛ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል፤ «አይዞህ» የሚለው፣ ውሃ የሚያቀብለው፣ የሟቹን ስም አብሮት የሚጠራ። ወይዘሮ አስካለ ይህን ሁሉ በገዛ እጃቸው አስቀሩት፤ እኛም አገዝናቸው። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ፣ ገበያ እሄዳለሁ እያሉ ይመጡ ጀመር። ሰይፈ ፎቶውን ይከፍትላቸዋል፤ አጠገባቸው ወንበር ስቦ አቀርቅሮ ይቀመጣል። ደንበኛ ከመጣ በሩ ላይ ሆኜ የምመልስ እኔ ነኝ።

ሥራው ከዚያ ወዲያ ሥራ አልሆነም። የሟች ፎቶ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች «ታች ይሠሩላችኋል» ይላቸዋል። እርሳሱን መቅረጽ ተወ። ባለ ጭማቂዋ ሴት ሁለተኛ ቤት ልትከፍት መጥታ ብታናግረው «ምንም አይታየኝም» አላት። እሷ ከሄደች በኋላ ጮህኩበት።

«ሂድና ለሰውዬው እውነቱን ንገር! እስከ መቼ ነው?»

«እውነቱ የኔ ቢሆን እናገረው ነበር፣ ጋሽ ኑሪ። የሳቸው ነው።»

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። መስከረም ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ አቶ ወንድሙ ሚስታቸውን ተከትለው ደረጃውን ሲወጡ አየኋቸው። ደነገጥኩ። «ኧረ አቶ ወንድሙ፣ ይግቡ፣ ልብስ ልለካዎት» ብዬ መንገድ ዘጋሁ። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። የሚስታቸው ለቅሶ እስከ ደረጃው ይሰማል። በእጃቸው ቀስ አድርገው ገፋ አደረጉኝና በሩን ከፈቱ። ተከትያቸው ገባሁ።

ወይዘሮ አስካለ ከወንበሩ ተነሱ። «ወንድሙ፣ እኔ...» አሉ። አቶ ወንድሙ ወደ እሳቸው አልዞሩም። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነበር።

«እጁ የማን ነው?» አሉ።

ሰይፈ ቆመ። «የኔ ነው አባባ።»

«የልጄ ግራ እጅ ሁለት ጣት የለውም። ወፍጮ ቤት ስሠራ፣ የሞተሩን ቀበቶ ያዝልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ከማየቴ በፊት እጁን ነው የማየው።»

ሰይፈ ያን ሁሉ ሲጠይቅ ስለ እጅ አልጠየቀም። ስድስት ዓመት ሙሉ እጅ የማይታይ ሰው ሲያለብስ ኖሮ፣ ሰው እጅ እንዳለው ረሳ። ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«እኔ ፊቱን ብቻ ነው ያየሁት» አሉ። ቆይተውም፣ «ካወቅክ ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አሏቸው።

«ፎቶው የመጣ ሳምንት እንደገና እህል በላሽ። አንድ ሰው አታሏት አምናለች ብዬ ነው። አንቺ ካመንሽ እኔ ምን ብዬ ላፍርስብሽ? ስምንት ወር ሙሉ እህል ከማስቀምጥበት ክፍል ገብቼ በሩን እየዘጋሁ ነው ያለቀስኩት።»

ሁለቱም በየበኩላቸው አንድ ልጅ ብቻቸውን ሲቀብሩ ከርመዋል፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያስነባ። እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም። አቶ ወንድሙ ከሚስታቸው አጠገብ ተቀመጡና በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ወይዘሮ አስካለም ተቀብለው ጠሩት። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሰይፈ ፎቶውን ሊዘጋ እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ። አቶ ወንድሙ ያዙት። ግራ እጁን ወደ ጉልበታቸው ሳቡና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ አምስቱንም።

«ደህና እጅ ነው» አሉና አለቀሱ።