«በልተዋል» ብዬ የፈረምኩባት ጠዋት

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ከተማችን ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ ነው። እስካሁን ግን ሁዳዴ በገባ ቁጥር ያቺ ጠዋት ትመጣብኛለች።

ሐይቅ ዳር አካባቢ በነበረ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ነበርኩ። ጋሽ ደስታ የሚባሉ ፋርማሲስት ረቡዕ ረቡዕ ከፒያሳ እየመጡ የአዛውንቶቹን የመድኃኒት ካርድ አንድ በአንድ ያያሉ። እውነቱን ልናገር፣ አልወዳቸውም ነበር። ሐኪም ባዘዘው፣ እኔ በሰጠሁት፣ እሳቸው ምን ቤት ናቸው እል ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት ለቅሶ ስላለባቸው በጠዋት መጡ። የእማማ ጥሩነሽን ካርድ ይዘው ቆዩ።

«ልጄ፣ የስኳር ኪኒናቸው በቅርቡ ተጨምሯል። ስኳራቸው ደግሞ በየሳምንቱ እየወረደ ነው። ለመሆኑ ይበላሉ?»

«ይኸው! ‹በልተዋል› ብዬ ፈርሜያለሁ» አልኩ ቆጣ ብዬ።

«ሲበሉ አይተሻል?»

ቁርስ አቀርባለሁ፣ ባዶ ሳህን አነሳለሁ። ቆሜ አይቼ አላውቅም።

ተያይዘን ወደ ክፍላቸው ገባን። እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው በላብ ርሷል። ጠራኋቸው። ያዩኛል፣ ግን አላወቁኝም። እጃቸው በረዶ ሆኗል። «ገደልኳቸው!» ብዬ ጮህኩ።

«ጩኸቱን ተይና ስኳር በጥብጠሽ አምጪ!» አሉ ጋሽ ደስታ። ስሮጥ ግማሹን ደፋሁት። መዋጥ መቻላቸውን ካዩ በኋላ ቀና አድርገው በማንኪያ ትንሽ ትንሽ አጠጧቸው። እኔ «እመቤቴ፣ ድረሽልኝ» እላለሁ። ደቂቃው አልገፋ አለኝ።

አጠገባቸው ባለው አልጋ የሚተኙት አሮጊት ማልቀስ ጀመሩ። ለካ እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ! ቁርሳቸውን በየቀኑ ለእኚህ አሮጊት ይሰጧቸው ነበር። ኪኒኑን ግን አንድም ቀን አላስቀሩም፤ የሚውጡት እኔ እንዳልቆጣቸው ብለው ነው አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በመጨረሻ እማማ አፋቸውን ጠረግ አድርገው «ማነው ጾሜን ያስገደፈኝ?» አሉ። ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ።

ጋሽ ደስታ ሐኪሙን አነጋግረው መድኃኒቱን አስተካከሉላቸው። እኔን አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ዛሬ የምሠራው ሌላ ቦታ ነው። ከመፈረሜ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የመጨረሻዋን ጉርሻ ስትዋጥ አያለሁ። ጓደኞቼ ነዝናዛ ይሉኛል። ይበሉኝ። ያ ለቅሶ ባይኖር ኖሮ ጋሽ ደስታ የሚመጡት ከሰዓት ነበር።