የዳነ ሰው ኑዛዜ

አባቴ ሁለት ጊዜ ሊሞት ተነሥቷል፤ የመጀመሪያው አልሆነለትም። እኛን ያስቸገረን ታዲያ መታመሙ ሳይሆን መዳኑ ነው።

ሰኔ ነበር። እኔ ዳባት አስተምራለሁ፤ አባቴ ከደባርቅ ወጣ ብላ ካለችው መንደራችን ይኖራል። እናታችን ካረፈች ወዲህ የምታየው አክስቴ ናት። «አባትሽ የሚተርፍ አይመስልም፣ ድረሽ» ተባልሁና በመጀመሪያው መኪና ሄድሁ። ሁለቱ ወንድሞቼ ቀድመውኛል። ታላቄ እዚያው መንደር የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ታናሼ ከተራራው ላይ ቡይት ራስ ተቀምጦ እስከ ሳንቃ በር የቱሪስት ጓዝና የስካውት፣ ማለት የፓርክ ጠባቂ፣ ስንቅ ያመላልሳል። አባቴ መደቡ ላይ ተዘርግቶ ይንቀጠቀጣል፤ የንስሐ አባቱ መስቀላቸውን ይዘው በራስጌው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ብዕር ይዘሻል?» አሉኝ ካህኑ።

አስተማሪ ብዕር አይጠፋትም። ከተማሪ ደብተር መሀል ሁለት ገጽ ገነጠልሁ።

አባቴ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ተናዘዘ። ጥማድ በሬዎቹ ለታላቄ፣ በቅሎዋ ለታናሼ፣ ሬዲዮው ለእኔ፣ ጃንጥላው ለንስሐ አባቱ። መሬቱን ግን «እሱ በደብተር ተመዝግቧል፣ መንግሥት ያውቀዋል» ብሎ አለፈው። አራት ጎረቤቶች ምስክር ሆነው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ካህኑ ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሁላችንም አለቀስን። እንደ ኑዛዜ ደስ የሚል ኑዛዜ ነበር፤ ማንም ከማንም አልተጣላም።

ክፍፍሉን የጀመሩት ካህኑ ናቸው፤ ክፋት ግን አልነበረበትም። ሊሄዱ ሲነሡ ዝናብ ጣለ። ጃንጥላው በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ጃንጥላውን አዩት፤ እኛ እሳቸውን አየናቸው። «እንግዲህ...» ብለው ዘርግተውት ወጡ። ካህን ያደረገውን ምእመን ቢያደርገው ምን ይደንቃል? በማግስቱ ታላቄ «እርሻ ሰው እስኪሞት አይጠብቅም» ብሎ በሬዎቹን ነዳ። ታናሼ ደግሞ «በሬዎቹ ከሄዱ በቅሎዋ ብቻዋን ትደነብራለች» አለና ጭኖ ሄደ። እኔም ጻድቅ አይደለሁም። የማርመው የፈተና ወረቀት ስለነበረኝ ወደ ዳባት ስመለስ፣ ሬዲዮውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ። ለአክስቴ የነገርኋት «ሕፃናት እንዳይነካኩት» ብዬ ነው። በዚያ ቤት ሕፃን አልነበረም።

በአራተኛው ቀን አባቴን ላብ አጠመቀው። በአምስተኛው በሶ ጠየቀ። በስድስተኛው ተነሥቶ ተቀመጠና «እስኪ ሬዲዮውን ክፈችልኝ፣ የዜና ሰዓት ደርሷል» አላት። አክስቴ መሬት መሬት አየች። ግድግዳ ይዞ ወደ በረት ወጣ፤ በረቱ ባዶ ነው። ማካፋት ሲጀምር ተመልሶ ጃንጥላውን ፈለገ፤ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። በሬው ሲጠፋ ዝም ያለው ሰውዬ ምስማሩን ሲያይ ተቆጣ። «ሞቻለሁ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት፤ የምር ነበር የጠየቃት።

ዕቃዬን መልሱ ብሎ ላከብን። ታላቄ «ተጽፏል፣ አራት ሰው ፈርሞበታል፤ የተፈረመ ነገር እንደ ልጅ ጨዋታ ይፈርሳል ወይ?» አለ። ታናሼ «በቅሎዋ ሳንቃ በር ናት፣ ስትወርድ» አለ፤ እሷ ሳትወርድ ክረምቱ ተጋመሰ። እኔ አፈርሁ። ማፈሩን አፍሬ ግን ሬዲዮውን አልመለስሁም፤ እኔ ብቻ ብመልስ ወንድሞቼን ማሳጣት ይሆንብኛል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ራሴን ለማሳመን ብዙ አልደከምሁም።

የእኛ አገር ሰው ክስ አይፈራም። አባቴ ኑዛዜውን አጣጥፎ በኪሱ ከተተና በእግሩ ደባርቅ፣ ወረዳው ፍርድ ቤት ሄደ። እኛም ተጠርተን ቀረብን። ዳኛዋ ሹራብ የደረበች ወጣት ሴት ነበረች፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አመልካች ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሟችስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ ራሷ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ፊቷን ሸፈነችበት። ሳቋ ሲያልፍ ቀስ ብላ አስረዳችው።

«አባቴ፣ ኑዛዜ የሚጸናው ሰው ሲሞት ነው። እስከዚያ ድረስ ንብረቱ የእርስዎ ነው፤ ሲፈልጉ ይለውጡታል፣ ሲፈልጉ ይሽሩታል። የቁም ሰው ውርስ አይካፈልም። ነገር ግን በሕይወት እያሉ ወድደው አንሥተው ሰጥተዋቸው ከሆነ፣ ያ ውርስ ሳይሆን ስጦታ ነው፤ ስጦታን እንዲሁ መልሱልኝ ማለት አይቻልም። እና ሰጥተዋቸዋል ወይስ ሳይሰጧቸው ወሰዱ?»

ነገሩ ለሁላችንም ገባን። «ወሰዱ» ካለ በሬውም በቅሎዋም ሬዲዮውም ይመለሱለታል፤ እኛ ግን አባታቸውን በቁሙ የዘረፉ ተብለን መዝገብ ላይ እንሰፍራለን። የደባርቅ ገበያ ደግሞ መዝገብ ሳይገለጥለትም ያውቃል። «ሰጠሁ» ካለ ባዶ በረት ይዞ ይቀራል። አባቴ ዞሮ አየን፤ መጀመሪያ ታላቄን፣ ቀጥሎ ታናሼን፣ ከዚያ እኔን። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ሰጥቻቸዋለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«መስጠቴ ይታወቅልኝ ብየ ነው።»

ከግቢው እንደወጣን እግሩ ላይ ወደቅን። ዛሬውኑ እንመልስ አልነው። «ዳኛ ፊት ሰጠሁ ያልሁትን መልሸ ልቀበል? በዚህ ሽበቴ ውሸታም ልታደርጉኝ ነው?» አለን። «የናንተ ነው፣ ያዙት። እኔ ግን ካለ ዕቃየ መኖር አልለመድሁም። ዕቃየ ካለበት እየሄድሁ እኖራለሁ።»

ቀልድ መሰለን። ቀልድ አልነበረም።

በእርሻ ወራት ታላቄ ዘንድ ይከርማል። ከማሳው ዳር ተቀምጦ «ግራውን በሬ አትምታው፣ እሱ በቃል ይገባዋል» እያለ ያዛል፤ ወንድሜ በገዛ እርሻው ቅጥረኛ ሆነ። ጥቅምት ሲጠባ ወደ ታናሼ ይወጣል። አንድ ቀን አንድ ግዙፍ ፈረንጅ በቅሎዋ ላይ ሊወጣ ሲል አባቴ ከላይ እስከ ታች አየውና «ይኸ ሰውየ እግር አለው» ብሎ ራሱ ተቀመጠባት። ፈረንጁ ፎቶ እያነሣው እስከ ሳንቃ በር በእግሩ ሄደ። ታናሼ የዚያን ቀን ኪራይ መጠየቅ አፈረ። ካህኑም አልተረፉም፤ ዝናብ በጣለ እሑድ ሁሉ አባቴ ከቅዳሴ ሲወጣ ከጃንጥላው ሥር ይገባል፣ እሳቸውም ግማሽ ትከሻቸው እየራሰ ቤቱ ድረስ ይሸኙታል።

ከገና በኋላ ተራው የእኔ ነው። ያለችኝ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ደረቱ ላይ ያደርገዋል፤ አከራዬ ግድግዳ ትደበድባለች፣ እሱ ደግሞ የሚያደንቀው ሰው ያገኘ መስሎት ይጨምረዋል። መጀመሪያ ተናደድሁ፤ አልቅሼም አውቃለሁ። በሦስተኛው ዓመት ግን ሁለት ሳምንት ቢዘገይብኝ በየቀኑ ከትምህርት ቤት በመናኸሪያ በኩል ዞሬ መግባት ጀመርሁ። ናፍቆኝ ነበር። እንደናፈቀኝ አልነገርሁትም።

ከዓመታት በኋላ እንደገና «ድረሽ» ተባልሁ። ከሬዲዮው ጋር አዲስ ባትሪ ይዤ ሄድሁ። መንደሩ ስደርስ ታላቄ በሬዎቹን እየነዳ ከታች ይመጣል፤ ታናሼ በቅሎዋን እየሳበ ከላይ ይወርዳል። ዕቃውን ይዘን የመጣነው ሳንመካከር ነበር። ካህኑ ደርሰው፣ ጨርቁ ሦስት ጊዜ የተጣፈውን ጃንጥላ ከድሮው ምስማር ላይ ሰቅለውታል። አባቴ ከመደቡ ሆኖ በበሩ አሻግሮ ግቢውን አየ።

«አሁን ደግሞ ማን ሊያካፍላችሁ ነው?» አለ።

ሳቅን። ከዚያ ካህኑ እንደ ሥርዓቱ የሚናዘዘው እንዳለ ጠየቁት። «ጻፊ» አለኝ። «በሬዎቹንም በቅሎዋንም ሬዲዮውንም ጃንጥላውንም በገዛ እጄ ሰጥቻለሁ። ልጆቼ አልወሰዱብኝም።»

«አባባ፣ እሱ እኮ እውነት አይደለም።»

«አስተማሪ አይደለሽ? ያሉሽን ጻፊ።»

ጻፍሁ። ወረቀቱ ረጥቦብኝ ሁለተኛ ገጽ ገነጠልሁ። ሬዲዮውን ከራስጌው አድርጌ ከፈትሁለት፤ ማንም ምንም ሳይነካ ተቀመጥን። ካህኑ ለመሄድ ሲነሡ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ምስማሩን አዩት፣ ነጠላቸውን በጥምጥማቸው ላይ ደረቡ።

«አባ፣ ጃንጥላውን ይያዙት እንጅ» አለ አባቴ በደከመ ድምፅ።

«ይቆይ፣ አልቸኩልም» አሉና ወደ ዝናቡ ወጡ።