ዓይን የሚፈራ ብርሃን

እትዬ ጥሩ ነጠላውን ገልጣ ጨቅላዋን እህቴን ስታያት፣ እኔ የአጎቴን ቀርከሃ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። አየቻትና ፈገግ አለች፤ ወዲያው መልሳ ሸፈነቻት። ያኔ ልጅ ነኝ፣ ሰባት ዓመት ቢሞላኝ ነው። ሴትዮዋ ጎረቤታችን ናት፣ ሸክላ ሠሪ። የሸክላ ሠሪ ዓይን ደግሞ በእኛ አገር ይፈራ ነበር።

አጎቴ አያ ምናለ ማምሻውን ቀርከሃ እየሰነጠቀ ተረት ያወራልን ነበር። ስንጣሪውን ፍሙ ላይ ሲጥለው ቦግ ይላል፣ ፊቱ ይታያል፣ መልሶ ይጠፋል። በዚያ ሰሞን ያወራልን የብርሃንን ነገር ነው። ብርሃን በተፈጠረ ቀን በሁሉም መንገድ ባንዴ ይሄድ ነበር አለ። ሰይጣን ቀናና መንገድ ዳር ተቀምጦ ትክ ብሎ አየው፤ ብርሃንም ዓይን ፈርቶ ተሰበሰበ፣ በአንድ መንገድ ብቻ ሄደ። ወተት የሚከደነው፣ ጨቅላ የሚሸፈነው ለዚህ ነው አለን። እኔም እውነት ብዬ ያዝኩት።

እህቴን ትኩሳት ያዛት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። እናቴ ማን አያት ብላ ስትጠይቅ፣ «እትዬ ጥሩ አየቻት» ያልኩት እኔ ነኝ። መልሳ መሸፈኗን አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲያ እሳት ልትጭር ስትመጣ በር የሚከፍትላት ጠፋ። ገበያም ላይ ማሰሮዋን የሚያነሳ የለም። ክረምት ሳይገባ ዕቃዋን አዝላ ወደ አዘና በኩል ሄደች። የት እንደደረሰች አላውቅም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የልጅ ልጄ ሰላም ግን እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ትማራለች። ለፋሲካ መጣችና የብርሃንን ነገር አነሳች። ብርሃን እንደ ጤፍ በቅንጣት ነው የሚመጣው አለች። አንድ አንዱን በሁለት ስንጥቅ ቢለቁት በሁለቱም ያለፈ ይመስላል፤ በየትኛው አለፈ ብለው ሲከታተሉት ግን ጠባዩን ይለውጣል። ለምን እንደሆነ የተማሩትም አልተስማሙም፤ እሷ ግን ፈጣሪ ሆን ብሎ ለራሱ ያስቀረው ምስጢር ይመስለኛል አለች።

አጎቴ ልክ ነበር ማለት ነው? «እንግዲያ ብርሃንንም ዓይን ይበላዋል» አልኳት።

ሳቀች። «ኧረ አባባ፣ ፊዚክሱን ቡዳ አስበሉት እኮ።»

እኔ አልሳቅሁም። እግዚአብሔር ሁሉን የሚያይ ከሆነ ብርሃኑ መቼ ነው በሁለቱም መንገድ የሚሄደው? ብዬ ጠየቅኋት። ተነስቼ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። ስመለስ፣ ሰው የሚከታተለው በመሣሪያ ነው፣ መሣሪያው ደግሞ ሳይነካው ማየት አይችልም፣ የሚለውጠው መነካቱ ነው አለችኝ። የእግዚአብሔር ማየት ሳይነካ ይሆናል፤ ይህ ግን ከደብተሬ የለም፣ የራሴ ሐሳብ ነው አለች።

«የሰው ዓይንስ?» አልኳት። «ቆሞ ያየ፣ ያልነካ?»

«እሱማ ምን ያደርጋል? ዓይን የመጣለትን ብርሃን ይቀበላል እንጂ የሚልከው ነገር የለውም።»

ይህን ስትል መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩትም፤ ኃጢአት መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩማ። ሰላም ሳቋን ትታ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች፣ ብዙ አየችኝ።

«አባባ፣ አየ ተብሎ የተባረረ ሰው ያውቃሉ እንዴ?» አለችኝ።