አራት ዲግሪ ወደ ግራ

«ዲግሪ» የሚሉት የጎልፍ ዱላ ጠጋኝ ዩኒቨርሲቲ የገባው በሕይወቱ አንዴ ነው፤ እሱንም የተበላሸ የበር ማጠፊያ ሊሠራ። ቅጽል ስሙ የወጣለት ነገርን ሁሉ በዲግሪ ስለሚለካ ነው። ሐዘን ቤት ተቀምጦ እንኳ የሟች ፎቶ ግድግዳው ላይ አንድ ዲግሪ ካዘመመ አልቃሾቹን በጉልበቱ እየገፋ አልፎ ያቃናዋል። በመለማመጃው ሜዳ፣ ከኳስ መምቻ ቦታዎቹ ጀርባ፣ ረጅም ሰው ቆብ አድርጎ የማይቆምባት ቆርቆሮ ክፍል አለችው፦ አንድ ሞርሳ፣ አንድ የማዕዘን መለኪያ፣ ክንድ የሚያህል አንድ ማጉበጫ ብረትና ሃያ ስድስት ዓመት።

በሜዳው ላይ ሕግ የሚያስተምር አሠልጣኝ ተቀጥሯል፤ ሕጉን የሚያውቀው ግን ዲግሪ ነው። ለጠየቀው ሁሉ፣ ላልጠየቀውም ሁሉ፣ እንዲህ ይላል፦

«ኳስ ሁለት ጌታ አላት። አንዱ የዱላው ፊት ነው፤ ስትነሳ ፊቱ ወዳየበት ትነሳለች። ሁለተኛው ዱላው የመጣበት መንገድ ነው። ሁለቱ ከተስማሙ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ፊቱ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ቀኝ ካየ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፣ ወደ ግራ ካየ ወደ ግራ። ወላጆቿ እንደተጣሉባት ልጅ ናት። ደጅ ላይ ደህና ትመስላለች፤ ጠባይዋ የሚወጣው ከቤት ከራቀች በኋላ ነው።»

መቺዎቹ ይህን ሰምተው አንገታቸውን ይነቀንቁና ኳሳቸው ስትጠማዘዝ ነፋሱን ይረግማሉ። ነፋስ በሌለበት ቀን ጫማቸውን ይረግማሉ። ጫማቸው አዲስ ከሆነ አማታቸውን ያነሳሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ «ጥፋቱ የኔ ነው» ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፋርማሲስቱ።

ፋርማሲስቱ አጭር፣ ንጹሕና ዝምተኛ ሰው ነበር። ለአሥራ ሁለት ዓመት ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኝ ቁጥር መምቻ ቦታ ላይ ቆሞ አንድ ዓይነት ኳስ ይመታል። ኳሲቱ ወደ ቀኝ ትነሳለች፤ ቸኩላ፣ የምትሄድበት እንዳለ ሁሉ። አየር ላይ መሀል ስትደርስ የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ትዘገያለች። ከዚያ ወደ ግራ ትዞርና ከሜዳው ዳር ካለው ደረቅ ዛፍ ሥር ትወድቃለች። ሁልጊዜ እዚያው። ኳስ ለቃሚዋ «የሱን አልለቅምም፣ እሰበስባለሁ እንጂ፤ እንደ እንቁላል ተከማችቶ ነው የማገኘው» ትል ነበር።

አንድ ጊዜ፣ በአምስተኛው ዓመት ገደማ፣ ፋርማሲስቱ ዱላዎቹን ይዞ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል መጣ። «ምናልባት ዱላው ይሆን እንዴ?» ብሎ ቀስ ብሎ ጠየቀ። ለክቶ ያስተካከላቸው ራሱ ዲግሪ ስለነበር መለኪያውን ሊያነሳ እንኳ አልቃጣውም። «ጌታዬ፣ ዱላው ምን በደለ? እጅዎን ይጠይቁ» አለ። በር ላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ፋርማሲስቱም ፈገግ አለ፤ እጆቹን ገልብጦ አያቸውና ሄደ። ዳግመኛ አልጠየቀም።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ምሳውን በልቶ ወንበሩ ላይ ጋደም እንዳለ አረፈ።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ጉም ሜዳውን እስከ ወገቡ በዋጠበት ጠዋት፣ ሚስቱ የሱን ቦርሳ ተሸክማ መጣች። ስድሳውን ያለፈች፣ ወፍራም ሹራብ የለበሰች፣ በዕድሜዋ የጎልፍ ዱላ ይዛ ታይታ የማታውቅ ሴት ናት። ዘጠኝ ቁጥር ላይ ቆመች። አሠልጣኙ እጁን ኪሱ ከቶ ቀረብ አለ። ጀማሪ ምን እንደሚመታ ያውቃል፦ ወይ መሬቱን፣ ወይ አየሩን፣ ኳሱን ካገኘም ወደ ቀኝ እየሸሸች እንደ ሙዝ የምትጎብጥ ኳስ። ለዚያ የሚሆን የማጽናኛ ንግግር በቃሉ አለው።

መታች።

ኳሲቱ ወደ ቀኝ ተነሳች። መሀል ላይ ዘገየች። ወደ ግራ ዞራ ጉሙ ውስጥ ገባችና፣ ከደረቁ ዛፍ በኩል ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ።

አሠልጣኙ የማጽናኛ ንግግሩን ዋጠ። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋም። በግራም በቀኝም የሚመቱት አንድ በአንድ አቆሙ። እሷ ዞር ብላ ማንንም አላየችም፤ ሃያ ኳስ መታች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ሄደች።

ወሬ እግር አውጥቶ ሮጠ። በሳምንቱ ዘጠኝ ቁጥር ላይ የሚቆም ጠፋ። አንዱ የሲሮፕ ሽታ ሸተተኝ አለ። ሌላው የሴትዮዋ ጥላ አጭር ወንድ ይመስላል ብሎ ማለ፤ በዚያ ጉም ጥላውን ከየት እንዳመጣው የጠየቀው የለም። ለቃሚዋ ደግሞ ቅርጫቷን ጥላ ቆርቆሮዋ ክፍል በር ላይ ቆመች።

«ዲግሪዬ፣ ከዛፉ ሥር አልሄድም።»

«ለምን?»

«ኳሶቹ ሞቀው አገኘኋቸው።»

«ፀሐይ ነዋ።»

«በየትኛው ፀሐይ? አንተስ እስቲ ከዚህ ጉድጓድህ ውጣና ንካቸው።»

ዲግሪ ሳቀ። «ሙት ዱላ አይጨብጥም። ምክንያት አለው፤ ፊትና መንገድ ነው። ዱላዎቹን አምጪልኝ በያት፤ በቁጥር አስረዳችኋለሁ።»

ሴትዮዋ ረቡዕ ዕለት ቦርሳውን አምጥታ አስቀመጠችለት። ሰባት ቁጥሩን ዱላ አወጣና አንገቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ሁለት ትናንሽ የሞረድ ጭረቶች አገኘ። የራሱ ምልክት ናቸው፤ ሁለት ጭረት ማለት «አንገቱን ሁለት ዲግሪ ወደ ታች አስተኝቻለሁ» ማለት ነው። ላጭር ሰው እንደዚያ ነው የሚደረገው። ዱላውን ሞርሳው ላይ አሠረና መለኪያውን ገጠመ።

መለኪያው ሁለት ዲግሪ ወደ ላይ አለ።

አወለቀው፣ አጸዳው፣ መልሶ ገጠመው። ሁለት ወደ ላይ። ስምንት ቁጥሩን አየ፤ ሁለት ወደ ላይ። ስድስትም፣ አምስትም። ያኔ ትዝ አለው።

ዲግሪ ግራኝ ነው። ሞርሳው ጋ የሚቆመው ሰው ሁሉ ከሚቆምበት በተቃራኒ ነው፤ ከዚያ በኩል የመለኪያው ቀስት ተገልብጦ ይታያል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ በትከሻው ተንጠራርቶ በፊት በኩል የሚያነበው። መለኪያው አዲስ በመጣ ሳምንት ግን፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ገና አልለመደውም ነበር። ከጀርባ አንብቦታል። የተስተካከለ መስሎት አራት ዲግሪ አሳስቶ፣ ጭረቱን አሳርፎ፣ አስረክቧል። አንገቱ ከልኩ በላይ ወደ ላይ የቆመ ዱላ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል። ፋርማሲስቱ ኳሱ ወደ ግራ ሲሄድበት መንገዱን ከነፊቱ ወደ ቀኝ ገፋ፤ ፊቱ ግን ከመንገዱ ወደ ግራ ይቀራል። ይበልጥ በገፋ ቁጥር ፊትና መንገድ ይበልጥ ተጣሉ። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ከአንድ ሞርሳ ጋር ሲታገል ኖሯል፤ ጠላቱ ግን የራሱ እጅ መስሎታል።

አሠልጣኙን ጠርቶ አሳየው። አሠልጣኙ በሩን ዘጋ።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ። አሁን አንተ።»

«እኔ አላውቅም። አቃናውና ዝም በል። አንተ ሰውዬ፣ ይህን ብትናገር ከነገ ጀምሮ ኳሱ የተጠማዘዘበት ሁሉ በርህ ላይ ይሰለፋል። ስም እኮ እንደ እንቁላል ነው።»

«እጅዎን ይጠይቁ አልኩት እኮ። ሰው ፊት።»

«ሞቷል፤ አይሰማህም።»

ዲግሪ ሰባት ቁጥሩን ብቻ አቃናና ሌሎቹን ተዋቸው። አንዲቷን ብቻ ሲያቃና ላቡ እንደ ቧንቧ ውሃ ወረደ። እናገራለሁ ብሎ ወሰነ፤ አልናገርም ብሎ ወሰነ፤ እስከ ቅዳሜ እንደ በር ማጠፊያ ወዲያና ወዲህ ሲል ሰነበተ።

ቅዳሜ ጉሙ ከቀድሞው ብሶ ነበር። ሴትዮዋ መጥታ ሰባት ቁጥሩን ራሷ መረጠች። ዲግሪ ከኋላዋ ቆመ። የሰውነቷን እንቅስቃሴ ልብ ብሎ አየ፦ የትከሻው ስብቅ፣ የጉልበቱ እጥፋት፣ ከመምታት በፊት የምትተነፍሳት ያቺ አጭር ትንፋሽ፣ ሁሉም የፋርማሲስቱ ናቸው።

ኳሲቱ ወደ ቀኝ ተነሳች። ሁለቱም መሀል ላይ እስክትዘገይ ጠበቁ። አልዘገየችም። ወደ ቀኝ ሄደች፣ ሄደች፣ ጉሙ ዋጣት። የወደቀችበት ድምፅ እንኳ አልመጣም።

ሴትዮዋ ዱላውን እንደያዘች ቆየች። «አልተመለሰም» አለች።

ሌላ መታች። አልተመለሰችም።

«ምን አደረግከው?» አለች ዞር ሳትል።

ዲግሪ ነገሩን ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ነገራት፤ መለኪያውን፣ ግራ እጁን፣ አራቱን ዲግሪ። የመጨረሻው ቃል ነበር የከበደው።

«አንድ ቀን መጥተው ጠይቀውኝ ነበር፣ እትዬ። እኔ ቀለድኩባቸው። ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የሳቸው አልነበረም። የኔ ነው።»

ሴትዮዋ ዱላውን መሬት ላይ ተከለችና ተደገፈችው።

«ያን ቀን አስታውሳለሁ» አለች። «ቤት ገብቶ ኮሪደሩ ላይ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ቆመ። ማታ ማታ እራት እስኪበርድ እዚያ ነበር። ትከሻዬ ነው፣ ይላል። ሌላ ጊዜ፣ እጄ ነው። እኔን ከፊቱ ያቆመኝና አንቺ አድርጊውና ልየው ይለኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ እንጨት ይዘን ስንወዛወዝ ጎረቤት ጥንዶቹ አብደዋል ብሎ ደምድሞልናል።» ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫዋ ወጣ። «እኔ ለቀልድ ነበር የምሠራው። አካሌ ግን ቀልዱን አላወቀም።»

«ሁሉንም አቃናቸዋለሁ። ዛሬውኑ።»

«ሁለት ነገር ታደርጋለህ፣ ወንድሜ። ለሱ ብለህ፣ ያልከኝን በርህ ላይ ጻፍ፤ የሳቁበት እንዲያነቡት። ለኔ ብለህ ይሄን መልሰው።»

«ምኑን?»

«ሰባት ቁጥሩን። እንደነበረ።»

«እትዬ፣ ስህተት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሲሄድ ዞር ሳይል ዝም ብሎ የሚሄድ ባል አልነበረኝም።»

ዲግሪ ካርቶን ቀደደና በወፍራም እስክሪብቶ ጻፈ፦ «የፋርማሲስቱን ዱላዎች ያጣመምኩት እኔ ነኝ። እጃቸው ትክክል ነበር። መለኪያው አዲስ በመጣ ሳምንት የሠራሁላችሁ ሁሉ አምጡ፤ አይቼ አቃናለሁ።» በር ላይ ሲሰቅለው አሠልጣኙ በዓይኑ ለመነው፤ አልሰማውም። እኩለ ቀን ሳይደርስ አርባ ሰው ተሰለፈ። አንዱ ዱላውን የገዛው ትናንት ነበር። ሌላው ያለፈውን ዓመት ሽንፈቱን በሙሉ ዘርዝሮ በጽሑፍ አመጣ። አንዱማ የጎበጠ ጃንጥላ ይዞ ነበር የቆመው። ከመስመሩ መሀል፣ ያን ቀን በሩ ላይ ቆመው ከሳቁት ሁለቱ ካርቶኑን አንብበው፣ ተያይተው፣ ዱላቸውን ሳያሳዩ ተመለሱ።

ሴትዮዋ በሩ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ዲግሪ ሰባት ቁጥሩን ሞርሳው ላይ አሠረ። ሰው በሙሉ እጁን ሲመለከት ተሰማው። ሆን ብሎ ዱላ አጣሞ አያውቅም፤ ስህተትን በልኩ መሥራት እንዴት እንደሆነ የሚነግር መጽሐፍ የለም። ማጉበጫውን አንገቱ ላይ አጠለቀ፣ በግራ እጁ ጨበጠ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ።

ገና ሳይጫን ማጉበጫው ወረደ።

አንድ ጊዜ፣ ለስለስ ብሎ፣ ልምድ ባለው እጅ እንደተገፋ ሁሉ፤ ከዚያም ራሱ ቆመ። ዲግሪ እጁን አየ። ጣቶቹ ገና ብረቱን ጠበቅ እንኳ አላደረጉም። መለኪያውን ገጠመና በትከሻው ተንጠራርቶ በፊት በኩል አነበበ፦ ሁለት ዲግሪ ወደ ላይ፤ ከፀጉር ያላለፈ፣ ከፀጉር ያላነሰ።

«እትዬ» አለ፣ «እኔ አልተጫንኩትም።»

ሴትዮዋ ከበርጩማዋ ተነስታ ዱላውን ከሞርሳው ፈታች። የብረቱን አንገት መዳፏ ውስጥ አስገብታ ጥቂት ያዘችው፤ እጅ እንደሚያሞቅ ሰው።

«መድኃኒት ሲመዝንም እንደዚሁ ነበር» አለች። «እጁን አታየውም።»

ከዚያ የተሰለፈውን ሰው በትህትና ይቅርታ እየጠየቀች መሀሉን ሰንጥቃ ወደ ዘጠኝ ቁጥር ሄደች።