ሟች አሳዳጁ ካሳዬ

አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካሳዬን የማያውቅ የለም። ሥራው ትራንዚተር ነው፤ ከጉምሩክ ዕቃ ያስለቅቃል። ሙያው ግን ልቅሶ ነው። ዘፋኝ ሞተ፣ ተዋናይ አረፈ ሲባል ጥቁር ሱፉን ግጥም አድርጎ ከቤተዘመድ ቀድሞ ይደርሳል። ቦሌ ቡልቡላም ይሁን ሳሊተ ምሕረት፣ ገና ድንኳን ሳይተከል ካሳዬን በር ላይ ቆሞ ለዩቲዩብ ልጆች ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ነው የምታገኙት። "እንደ ወንድሜ ነበር" ይላል፣ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ። ለእናቱ ልጅ፣ እዚህ መገናኛ ለሚኖረው፣ በዓል ካልሆነ አይደውልለትም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል፤ የሕይወት ታሪክ ማንበብ። ቀብር ላይ፣ ከሬሳው አጠገብ፣ ማይክ ጨብጦ፣ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ሲሰማው። ይቺ ክብር ግን አልደረሰችውም። ሁልጊዜ ወይ የወንድም ልጅ ወይ የማኅበር ሊቀመንበር ይቀማዋል። ኋላ ጋሽ ገብረአምላክ ከእሱ በላይ ያለውን ፎቅ ተከራይተው ሲገቡ፣ ፈጣሪ ሟቹን ቤቱ ድረስ ያመጣለት መሰለው።

ጋሽ ገብረአምላክ በደጉ ጊዜ ዘፈናቸው ከየሻይ ቤቱ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። አሁን ሚስታቸው ሞታ፣ ልጅም ሳይኖራቸው፣ ከስኳር በሽታቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ታዲያ ይሄ ወገኛ ምን አደረገ? ወጥቶ እንዴት አደሩ አለ? ምን በወጣው! ቁጭ ብሎ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፈ። ሚስቱ ትግስት አልፎ አልፎ ሾርባ ይዛላቸው ትወጣለች። ለምን አብረኸኝ ወጥተህ ራሳቸውን አትጠይቃቸውም ብትለው፣ በሕይወት ያለን ሰው መጠየቅ ነውር ይመስል ተቆጣት።

አንድ ዓርብ ማታ አምቡላንስ መጥቶ ጋሽ ገብረአምላክን ወሰዳቸው። ቅዳሜ ጠዋት ካሳዬ ቀና ቢል፣ በማለዳ የሚከፈተው የሳቸው መስኮት ዝግ ነው። ቢደውል ስልካቸውም ዝግ ነው። ትግስት፣ እስቲ ሆስፒታል ደርሼ ልምጣ፣ እስከዚያ አፍህን ያዝ ብላው ወጣች። አፍ መያዝ! ሌላው ቢቀድመውስ? እሷ ከደረጃው ሳትወርድ ሻማ የበራበት ፎቶአቸውን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ፣ "አባቴን አጣሁ" ብሎ ጻፈበት።

ረፋዱ ላይ ግቢው ሞላ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ፤ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ ጠይቋቸው የማያውቅ ሁሉ ሻማውን ይዞ ከተፍ አለ። አንዱ ዘፈናቸውን ከስልኩ እፈልጋለሁ ብሎ ርዕሱ ቢጠፋበት የሌላ ሰው ዘፈን ከፈተ፤ ሰዉም ሳያጣራ በዚያው አለቀሰ። ካሳዬ ደረጃው ላይ ወጥቶ ወረቀቱን ዘረጋና ማንበብ ጀመረ።

ይሄኔ አንድ ታክሲ በሩ ላይ ቆመ። ትግስት ወረደችና ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ደግፋ አወረደች። ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ያደሩት ጋሽ ገብረአምላክ ናቸው። ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ደንግጠው፣ ሻማ የያዘች አንዲት ወጣትን፣ ማን ሞቶ እንደሆነ ጠየቋት።

"ውይ አባባ፣ አልሰሙም እንዴ? ገብረአምላክ እኮ ነው፣ ዘፋኙ። እኔ እሱን ስወደው ለጉድ ነው" አለችና ከሻማዎቿ አንዱን አብርታ ሰጠቻቸው።

ትግስት ልትናገር ስትል ክንዷን ያዝ አደረጓት። ሻማቸውን ይዘው ከሰዉ ኋላ ቆሙና የራሳቸውን ታሪክ አዳመጡ። ቤታቸው ከሰው ተለይቶ እንደማያውቅ ሰሙ። በመጨረሻዋ ሰዓት የካሳዬን እጅ እንደጨበጡ ማለፋቸውንም ሰሙ። እዚህ ላይ የካሳዬ ድምፅ ተቆራረጠ፤ እንባው የምር መጣ። እሱን ጠርጎ ቀና ሲል ሟቹን አያቸው፤ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ።

ሽማግሌው ቀስ እያሉ ወደ ፊት መጡ።

"ጥሩ ጽፈሃል" አሉት። "ግን ያ እጁን ጨብጬ የሞትኩት ሰው፣ አንድ ቀን በሬን አንኳኩቶ ያውቃል?"

ካሳዬ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ወረቀት አነሣ። እሳቸው ወደ ሰዉ ዞረው፣ ከመጣችሁ አይቀር ወደ ላይ ውጡና እንጫወት፣ ክራሬም አለ አሉ። ማን ሰምቷቸው! ሟች ከሌለ ሰው እዚያ ምን ሥራ አለው? አንዱ ቀጠሮ አለብኝ ይላል፣ ሌላው መኪናዬ መንገድ ዘግታለች ይላል፤ ግቢው ባንዴ ወና ሆነ። ያቺ ወጣት እንኳ አጠገባቸው ቆማ ፎቶ ተነሣችና ቅር እያላት ሄደች። ደግፋ ወደ ቤታቸው ይዛቸው የወጣችው ትግስት ብቻ ነበረች።

ካሳዬ ያፈረ መስሏችሁ ወረቀቱን ቀደደው እንዳትሉ። የሞቱበትን ቀን ብቻ ሰርዞ፣ ቦታውን ክፍት ትቶ፣ አጣጥፎ አስቀምጦታል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ ዓይኑ ሳያስበው ወደዚያ መስኮት ይሄዳል። መስኮቱ ይከፈታል። ጋሽ ገብረአምላክ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ በዚያ በድሮ ድምፃቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣

"ካሳዬ፣ ዛሬም አለሁ" ይሉታል።